ፏፏቴው ይቆይ፣ መጀመሪያ ወንበር አውጡ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«የምኖረው በአንድ ደጋ ከተማ ነው። የድሮው ፒያሳ መንገዳችን በኮሪደር ልማት ታድሷል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ገብቷል፣ መብራቱም ተቀይሯል። መሃል ላይ የቆዩ ሱቆች ከፈረሱ በኋላ 38 በ52 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ተርፏል። ፊት ለፊቱ ዋናው መንገድና የታክሲ ተራ ነው፣ በአንዱ ጎን የባንክ ሕንፃ፣ ከጀርባው የመሥሪያ ቤት አጥር፣ በሌላው ጎን በረንዳ ያላቸው የጥንት ሱቆች አሉ። የሕዝብ አደባባይ እንዲሆን ተወስኗል፣ እኔም የኮሚቴው አባል ነኝ። የቀረበልን ሥዕል መሃሉ ላይ ፏፏቴና ሐውልት፣ ዙሪያውን ዘንባባ፣ የሚያብረቀርቅ ግራናይት ንጣፍ፣ ትልቅ ስክሪንና 12 አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ነጋዴዎቹ ደግሞ ፓርኪንግ ይግባልን እያሉ ነው። ቦታው ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም አይችልም። በጀቱ እስከ ሰኔ 30 ካላለቀ ይመለሳል። ምን እናስቀድም?»

ከመደምደሚያው ልጀምር። ፏፏቴውን፣ ሐውልቱንና ስክሪኑን ለጊዜው ከሥዕሉ ላይ አውጡ። ግራናይቱንም ዘንድሮ አታንጥፉ። ዘንድሮ መሠራት ያለበት ከመሬት በታች ያለው ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ግን ሥዕሉን ያበላሹት ሁለት ሦስት የተሳሳቱ ሐሳቦች ስላሉ እነሱን ላስቀድም።

የመጀመሪያው ራሱ ቃሉ ውስጥ ነው። «አደባባይ» ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። አራት ኪሎ አደባባይ ነው፣ ስድስት ኪሎም አደባባይ ነው፣ ፒያሳ በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልት የቆመበትም አደባባይ ነው። ሁሉም መኪና የሚዞርባቸው ናቸው። ሐውልቱን የምናየው ታክሲ ውስጥ ሆነን፣ አንገታችንን ጠምዘዝ አድርገን ነው። እዚያ ደሴት ላይ ቁጭ ብሎ ጓደኛውን የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይገባውም። በእኛ አገር የሚሠራ ባለሙያ «አደባባይ ሥራ» ሲባል እጁ ሳያስበው መሃል ላይ ክብ ይስላል፣ ክቡ ውስጥ ሐውልት ያቆማል፣ ዙሪያውን አበባ ይተክላል። የእናንተም ሥዕል ይኸው ነው። መኪናው ስለሌለ ብቻ ሰው እንደ መኪና እንዲዞር ተፈርዶበታል። ሁለተኛውና የቆየው ትርጉም ግን ሰው የሚሰበሰብበት፣ የሚሟገትበት፣ የሚታይበት ገላጣ ቦታ ማለት ነው። «በአደባባይ ተናገረ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ፒያሳ የሚለው የጣሊያንኛ ቃልም የሚናገረው ስለዚሁ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ይህንን ነው፣ ስለዚህ መሃሉ ባዶ ይሁን። ባዶ መሃል ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣ በዓል ይከበርበታል፣ ቅዳሜ ባዛር ይቆምበታል። ፏፏቴ ያለበት መሃል ግን ፏፏቴ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «ቦታው ትንሽ ነው» የሚለው ነው። አይደለም። የዴንማርኩ አርክቴክት ያን ጌል ዕድሜውን ሙሉ ሰው በከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፣ ሁለት ርቀቶችን ደጋግሞ ያነሳል። እስከ 100 ሜትር ድረስ ሰው መሆኑንና ምን እያደረገ እንደሆነ እናያለን። ወደ 25 ሜትር ገደማ ሲቀርብ ደግሞ ፊቱን፣ ስሜቱን እንለያለን። የእናንተ ቦታ ጠባቡ ጎን 38 ሜትር ነው። አንድ ሰው ከአንዱ ጠርዝ ተነስቶ ትንሽ ራመድ ሲል ከማዶ የተቀመጠው ዘመዱ መሆኑን ይለያል። ይሄ ለአንድ መካከለኛ ከተማ በጣም ጥሩ ልክ ነው። ቦታችሁን ከመስቀል አደባባይ ጋር አታወዳድሩት። መስቀል አደባባይ ደመራን፣ ሰልፍንና ታላቁ ሩጫን እንዲችል የተዘረጋ ነው። በአዘቦት ቀን ማክሰኞ ከሰዓት ሃያ ሰው ቢቆምበት አይታወቅም። እናንተ ጋ ሃያ ሰው ከቆመ ቦታው ሞቅ አለ ይባላል።

ሦስተኛው 12ቱ አግዳሚ ወንበሮች ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አደባባይ የሚሞተውም የሚድነውም በመቀመጫ ነው። ኒው ዮርክ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕንፃው ሥር ለሕዝብ ክፍት ቦታ ለሚተው ባለሀብት ተጨማሪ ፎቅ ትፈቅድ ነበር። ባለሀብቶቹ ፎቁን ወሰዱ፣ ቦታውንም ተዉ፣ ሰው ግን ብዙዎቹ ላይ ዝር አላለም። በ1970ዎቹ ዊልያም ዋይት የሚባል ሰው ካሜራ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተክሎ ለረጅም ጊዜ ቀረጸ። የሰው ፍሰት ከቦታው ውበት፣ ከቅርጹ ወይም ከስፋቱ ጋር ብዙም አልተያያዘለትም። ያገኘውን ቢነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ከተማዋም በ1975 ደንቧን ቀየረች፣ ለየ30 ስኩዌር ፊት ቦታ አንድ ፊት (30 ሴንቲ ሜትር ያህል) ርዝመት ያለው መቀመጫ ይኑር አለች። ወደ እኛ ልኬት ሲመጣ በግምት ለየ9 ካሬ ሜትሩ አንድ ሜትር መቀመጫ ማለት ነው።

አሁን እናስላ። 38 ሲባዛ በ52 1,976 ካሬ ሜትር ነው። በዚያ ደንብ ከሄድን 215 ሜትር ገደማ መቀመጫ ያስፈልጋችኋል። አሥራ ሁለቱ አግዳሚዎች እያንዳንዳቸው 1.80 ሜትር ቢሆኑ 21.60 ሜትር ነው። አንድ አሥረኛ! ሥዕሉን የሠራው ሰው ወንበሮቹን ያስገባው ሥዕሉ ባዶ እንዳይመስል ነው እንጂ ሰው ይቀመጥባቸዋል ብሎ አይመስለኝም።

215 ሜትር ሲባል 120 አግዳሚ ግዙ ማለቴ አይደለም። አብዛኛው መቀመጫ ወንበር የማይመስል መቀመጫ መሆን አለበት። የዛፍ መደቡ ግንብ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት ከላይ ግማሽ ሜትር ስፋት ካለው መቀመጫ ነው። ደረጃ መቀመጫ ነው። በባንኩ ግድግዳ ሥር የሚሠራ መደብ መቀመጫ ነው። እኛ እኮ መደብ ላይ ያደግን ሕዝብ ነን፣ ግንብ ላይ መቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም። ኮንትራክተሩ ግንቡን 90 ሴንቲ ሜትር ካደረገው ወይም ከላዩ የብረት ዘንግ ከተከለበት ግን ያ ሁሉ መቀመጫ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። ይህንን ሥዕሉ ላይ በቁጥር አጽፉት፣ በቃል አትመኑ።

ከዚያ ላይ የሚንቀሳቀሱ ወንበሮች ጨምሩ፣ ስልሳ ያህል። ኒው ዮርክ ውስጥ ብራያንት ፓርክ በ1992 እ.ኤ.አ. ታድሶ ሲከፈት የተዘረጉት እንዲህ ያሉ ተነቃናቂ ወንበሮች ነበሩ፣ እስካሁንም አሉ። ሰው ወንበሩን ግማሽ ሜትር ገፋ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ፀሐይ ሽሽት፣ ወይም ወደ ጓደኛው ለመጠጋት፣ ወይም ዝም ብሎ። ይሰረቃል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይሰረቃል፣ ባለቤት ከሌለው። ጀበና ቡና ለሚያፈሉት ሴቶች ሃያ ሃያ ወንበር በፊርማ አስረክቡ፣ ማታ ደርድረው ኪዮስካቸው ውስጥ ይቆልፉት። ወንበሩ እንጀራቸው ስለሆነ ከማንም ጥበቃ ይልቅ እነሱ ይጠብቁታል።

አሁን ወደ ፀሐይ። የላካችሁት ሥዕል ላይ የሰሜን ምልክት የለም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፀሐይ በየት እንደምትመጣ ሳይታወቅ ነው ወንበሩ የተቀመጠው ማለት ነው። የውጭ መጻሕፍት አንብቦ የሚሠራ ባለሙያ ፀሐይ ሁልጊዜ ከደቡብ ናት ብሎ ያስባል። እኛ ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በመካከሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ከአናታችን ቀጥ ትላለች። ዋናው ጉዳይ ግን ጠዋትና ከሰዓት ነው። ደጋ ላይ ጥላው ይበርዳል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከተማችሁ ውስጥ ሽማግሌዎች የት እንደሚቆሙ ሂዱና እዩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ለግንብ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ፀሐይ እየሞቁ ነው የምታገኟቸው። ያ ግንብ የአደባባያችሁ የመጀመሪያ መቀመጫ ነው። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መደብ ይኑር፣ ፊቱም ክፍት ይሁን፣ ዛፍ አይጋርደው። ከ5 ሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ሽማግሌ ጥላ ይፈልጋል። የከሰዓቷ ፀሐይ የምትመጣው ከምዕራብ ስለሆነ የዛፉ ረድፍ በምዕራብ ጠርዝ ይሁን።

ዛፍ አልኩ እንጂ ዘንባባ አላልኩም። ዘንባባ ፎቶ ላይ ያምራል። ጥላው ግን የአንድ ጃንጥላ ያህል ነው፣ እሱም ፀሐይዋ እየሄደች አስፋልቱ ላይ ይወድቃል። እኛ አገር የመጀመሪያው አደባባይ የዋርካ ጥላ ነው፤ ሽምግልናውም፣ ስብሰባውም፣ ገበያውም እዚያ ሥር ነበር። ዋርካ ትከሉ አልልም፣ ሥሩ ንጣፉንም የባንኩንም መሠረት ይፈነቅላል። ወይራ ግን ይሆናል፦ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ቅጠሉን አያራግፍም፣ ጠንካራ ነው። ዋንዛም ይሆናል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ነጭ አበባው ደስ ይላል። ፍሬው ግን የሚጣብቅ ነው፣ ልጆች ይወዱታል፣ ነጭ ሱሪ የለበሰ ሰው አይወደውም። ስለዚህ ዋንዛውን ከመቀመጫ ራቅ አድርጉት። ጃካራንዳና ግራቪሊያ ከውጭ የመጡ ናቸው፣ ቢሆንም ከተሞቻችንን ስለለመዱ ከነሱ ጋር ጠብ የለኝም።

ዛፍ በየከተማው የሚሞትብን በውሃ እጦት ብቻ አይደለም። ኮንክሪት መሃል 60 በ60 የምታክል ጉድጓድ ተቆፍራለት፣ በፍርስራሽ ተሞልታ፣ «ፅደቅ» ስለሚባል ነው። መካከለኛ ዛፍ በደንብ እንዲሰፋ ከ15 ኪዩቢክ ሜትር ያላነሰ ጥሩ አፈር ስጡት። ነጠላ ጉድጓድ አትቆፍሩ፣ ረጅም ቦይ ቆፍሩ፤ 2 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት፣ በየ7.50 ሜትሩ አንድ ዛፍ። ሂሳቡ ልክ 15 ይመጣል። የቦዩ ሁለት ግንቦች ደግሞ ቅድም ያልኳችሁ መቀመጫ ናቸው። በ52 ሜትሩ ጎን ብትሠሩት መተላለፊያ ክፍተቶቹን ቀንሳችሁ ወደ 90 ሜትር መቀመጫ በአንድ ጊዜ አገኛችሁ። በባንኩ ሥር ያለው መደብ 30፣ ደረጃው 40፣ ተነቃናቂ ወንበሮቹም ሌላ 30 ሜትር ያህል ቢሆኑ 190 ገባን። 215 ባይሞላም ከ21 ይሻላል።

ቀጥሎ ዝናብ። ኮሚቴዎች የማይወያዩበት፣ በኋላ የሚጣሉበት ነገር ይህ ነው። ሐምሌ ውስጥ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ እናንተ ቦታ ላይ ብቻ 79 ሺህ ሊትር ውሃ ይጠራቀማል። በበርሜል ቁጠሩት፤ ወደ 400 በርሜል ነው። ይህ ውሃ የት ይሄዳል? ሥዕሉ ላይ ንጣፉ ሜዳ ነው፣ አንድም የውሃ መውረጃ አልተሳለም። ሲዬና የሚባል የጣሊያን ከተማ ውስጥ ካምፖ የሚባለው ዝነኛ አደባባይ እንደ ዛጎል ጎድጎድ ያለ ነው፣ ዘጠኝ ክፍል ሆኖ ሁሉም ወደ አንድ የውሃ መውረጃ ያዘነብላል። ጎብኚ ቅርጹን ያደንቃል፣ ቅርጹ ግን ውሃውንም ይሸኛል። እናንተም ከ1.5 በመቶ ያላነሰ ዝንባሌ ስጡት። በ38 ሜትር ላይ 57 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው ብዙም አያስታውቅም። ውሃው መጀመሪያ ወደ ዛፉ ቦይ ይግባ፣ ከዚያ የተረፈው ወደ መንገድ ዳሩ የውሃ ቦይ፣ ወደ ዲቹ። በረንዳ ወዳላቸው ሱቆች እንዳይዞር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ያ ከሆነ በመጀመሪያው ክረምት ጠላት አፈራችሁ።

ስለ ሚያብረቀርቀው ግራናይት የምናገረው ከራሴ ቁስል ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ከተማ ውስጥ የአንድ አደባባይ ንጣፍ መርጬ ነበር፣ እንደ መስታወት የተወለወለ። ግንቦት ላይ ተመረቀ፣ ሁሉም ጨበጠኝ። ሰኔ ላይ ዝናብ ጠብ እንዳለ ሄጄ ቆሜ ሳይ አንዲት እናት ፌስታላቸውን እንደያዙ ከፊቴ ተንሸራተው ወደቁ። ቲማቲሙ እየተንከባለለ እግሬ ሥር ደረሰ። እሳቸውን ደግፌ ሳነሳ «ማን ነው ይሄን የሠራው?» አሉ። መልስ አልሰጠሁም። በኋላ በግራይንደር ጭረት አስወጣንበት፣ ውበቱም ሄደ። እና ድንጋዩን አትወልውሉት። በእሳት የተለበለበ ወይም በመዶሻ የተጠቀጠቀ ገጽ ይኑረው። በአካባቢያችሁ የሚወጣ ጥቁር ድንጋይ ካለ ከማንም ግራናይት የተሻለ ነው፣ ሲሰበርም ምትኩን ታገኛላችሁ። ኮብልስቶን መሃሉ ላይ ቢሆን ይቻላል፣ ግን ከዳር እስከ ዳር በኮብልስቶን አትሸፍኑት። ዊልቸር ይንቀጠቀጥበታል፣ ተረከዝ ያለው ጫማም ይሰነቀርበታል። ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ፣ ግን የማያንሸራትት መስመር ከመንገዱ እስከ ሱቆቹና እስከ መጸዳጃው ይዘርጋ፣ ደረጃ ባለበትም ራምፕ (ተዳፋት መውጫ) ይኑር፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። የሕንፃ አዋጁ ስለ ሕንፃ ነው የሚያወራው የሚል ሰው ኮሚቴው ውስጥ ከተነሳ፣ አካል ጉዳተኛው ሕንፃው ጋ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው በሉት።

ፏፏቴውን ለምን አውጡ እንዳልኩ አሁን ይገባችኋል። ከተማችሁ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ፣ ቤቱ ጀሪካን የደረደረ ሰው መሃል ከተማ ላይ ውሃ ሲፈነጠቅ ሲያይ የሚሰማውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ ማጣሪያው ይደፈናል፣ መለዋወጫው ከውጭ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይሆናል። በሌላው ጊዜ አረንጓዴ ውሃና የሃይላንድ ፕላስቲክ የሚንሳፈፍበት ገንዳ ነው። የግድ ከተባለ ገንዳ የሌለው፣ ከወለሉ ላይ ሽቅብ የሚፈነጥቅ ዓይነት ይሁን። ሲዘጋ ቦታው ሜዳ ነው፣ ምንም አልጠፋም። ለዚያ የሚሆን ቱቦ ዘንድሮ ቀብራችሁ ተዉት፣ ፏፏቴው ከሦስት ዓመት በኋላም ይደርሳል። ስክሪኑ ላይ ብዙ አልልም። በጨዋታ ቀን ሰው ይሰበስባል፣ እውነት ነው፣ በሌላው ቀን ማስታወቂያ እየጮኸ የሚያወራውን ሰው ያባርራል።

ከውስጡ ይልቅ ጠርዙ ያሳስበኛል። አራት ጎን አላችሁ፣ ከአራቱ ሕይወት ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ በረንዳ ያላቸው ሱቆች። ባንኩ ከመሬት እስከ ላይ መስታወት ነው፣ ጥበቃው «እዚህ መቆም ክልክል ነው» ይላል። የመሥሪያ ቤቱ አጥር ደረቅ ግንብ ነው። ሰው ጀርባውን የሚሰጠው ነገር ይወዳል፣ ፊቱን ደግሞ ወደሚንቀሳቀስ ሰው ያዞራል። ስለዚህ አጥሩን ተደግፈው የሚቆሙ 3 በ3 ሜትር የሆኑ አምስት ስድስት ኪዮስኮች ሥሩ፤ ጀበና ቡና፣ ጁስ፣ ጋዜጣና መጽሔት፣ የሞባይል ካርድ። ቅድሚያው ሱቃቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ይሁን፣ ይህን የምለው ለደግነት ብቻ አይደለም፣ ደንበኛው እነሱን ፈልጎ ስለሚመጣ ነው። ለሊስትሮዎቹም ቦታ ይሳልላቸው፣ ከታክሲ ተራው አጠገብ፣ ጣሪያ ያለው። ካልሳላችሁላቸው የት እንደሚሆኑ እነሱ ይወስናሉ፣ ከዚያ ደንብ አስከባሪ ያባርራል፣ እነሱ ይመለሳሉ፣ ይኸው ድራማ በየቀኑ ይቀጥላል። ለቡናዎቹ የውሃ መስመርና እጣቢ የሚደፋበት ማንሆል ካልሠራችሁ እጣቢው ዛፉ ሥር ነው የሚደፋው፣ ከሰል አመዱም እንደዚሁ።

መጸዳጃ ቤት። ሥዕሉ ላይ የለም። አንድ ሰዓት የሚቀመጥበት ቦታ መጸዳጃ ከሌለው የመሥሪያ ቤቱ አጥር መጸዳጃ ይሆናል፣ ሴቶችና አዛውንቶች ደግሞ ጭራሽ አይመጡም። ከኪዮስኮቹ አንዱ ጫፍ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ፣ ተከፍሎበት በማኅበር የሚያዝ ይሁን። ከጀርባ አትደብቁት፣ ሲደበቅ ያስፈራል።

መብራቱን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፦ የሠርግ አዳራሽ አታድርጉት። ዛፉን በአረንጓዴ፣ ግንቡን በሐምራዊ፣ ደረጃውን በሰማያዊ ኤልኢዲ መጠቅለል ፋሽን ሆኗል። ማታ ሰው የሚፈልገው የሚመጣውን ሰው ፊት ማየት ነው። 4 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ምሰሶዎች፣ ሞቅ ያለ ብርሃን፣ አምፖሉ ላይ በሚጻፈው የብርሃን ቀለም መለኪያ 3,000 ኬልቪን አካባቢ፣ ጨለማ ጥግ ሳይተው። በቃ።

በዓል ደግሞ አይረሳ። እዚያ ቦታ ላይ ደመራ የሚለኮስ ከሆነ እሳቱ ግራናይቱን ይሰነጥቀዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ደመራ ሌላ ቦታ ይሁን» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። መሃሉ ላይ 6 ሜትር የሚሆን ክብ ሳይነጠፍ ይቅር፣ የተደለደለ አፈርና ጠጠር ይሁን፣ በሌላው ጊዜ ልጆች ብይ ይጫወቱበታል። ባዛርና ስብሰባ ሲኖርም ድንኳን ይተከላል። ካስማ ንጣፍ ላይ ሲመታ ድንጋይ ይሰበራል፣ ስለዚህ በየ5 ሜትሩ ክዳን ያለው የብረት ቀለበት ቅበሩ። ርካሽ ነው፣ ግን ከንጣፉ በፊት ካልሆነ አይሠራም። ለእሳት አደጋ መኪናም 4 ሜትር ስፋት ያለው መግቢያ ይቅር።

ፓርኪንግ ያሉት ነጋዴዎች ክፉ አስበው አይደለም፣ ግን ሂሳቡን አሳዩአቸው። ከምድር በላይ ከሆነ አደባባዩ አለቀ። ከምድር በታች ይሁን ከተባለ፣ መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ከታደሰ ወዲህ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ አለው፣ ግን የእሱ ስፋት ሌላ ነው። 3.50 ሜትር ለመውረድ በ15 በመቶ ቁልቁለት 23 ሜትር መንገድ ያስፈልጋል፣ መግቢያና መውጫው ሲለሰልስ ወደ 30 ይጠጋል። ያ 38 ሜትሩን ጎን በላው ማለት ነው፣ ከማቆሚያው የኮንክሪት ጣሪያ በላይ ደግሞ ያልኳችሁ ዛፍ አይኖርም። መፍትሔው መንገዱ ዳር ለጭነት ማውረጃ ሁለት ሦስት ቦታ፣ በሰዓት ተወስኖ። በአደባባዩ ጠርዝ ላይ ግን መከላከያ ምሰሶ ይተከል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 1.20 ሜትር ይሁን፣ አይብለጥ። ዊልቸር ያልፋል፣ ባጃጅ አያልፍም። 1.50 ካደረጋችሁት በሳምንቱ የባጃጅ ተራ ይሆናል፣ አይቼዋለሁ።

ስለ በጀቱ። ሰኔ 30 መድረሱ ነው ሁላችንንም የሚያጣድፈን፣ በጥድፊያ ደግሞ የሚገዛው የሚታየው ነገር ነው፣ ድንጋይና ፏፏቴ። እናንተ ገንዘቡን ከመሬት በታች ጨርሱት። የውሃ መውረጃ ቱቦውና ማንሆሉ፣ የውሃና የመብራት መስመሩ ከነባዶ ማስተላለፊያ ቱቦዎቹ፣ የመጸዳጃው መሠረት፣ የዛፉ ቦይ፣ አፈሩና ግንቡ፣ የድንኳን ቀለበቶቹ። ይህ ሁሉ የሚለካ፣ ርክክብ የሚደረግበት ሥራ ነው፣ ኦዲተር አይጣላውም። ዛፎቹን ክረምቱ ሲገባ ትከሉ። ላዩን የተጠቀጠቀ ጠጠር አልብሱት፣ ለዊልቸሩ መስመር ብቻ ጊዜያዊ የኮንክሪት ታይል ደርድሩ።

ከዚያ መስከረም ላይ ስልሳውን ወንበርና ጥቂት የሸራ ጥላ አውጡ። ኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ የብሮድዌይን መንገድ በ2009 እ.ኤ.አ. ለመኪና ስትዘጋ የጀመረችው ርካሽ የጓሮ ወንበር አስፋልት ላይ በመዘርጋት ነበር፣ ቋሚ ንጣፉ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። እናንተም አንድ ተማሪ ቅጠሩና በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዱ የገበያ ቀን፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ 6 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ስንት ሰው ተቀምጧል፣ ስንት ሴት፣ ስንት ልጅ፣ ወንበሮቹስ ወዴት ተገፍተዋል ብሎ ይመዝግብ። በየካቲት ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይኖራል። ሰው የረገጠው መስመርም ጠጠሩ ላይ በግልጽ ይታያል። ንጣፉን በዚያ መሠረት አሠሩ። ሐውልት ይቁም የሚለውን ክርክርም ያኔ ክፈቱት፣ ጠርዝ ላይ እንጂ መሃል ላይ ላለመሆኑ ማስረጃ ይኖራችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይህን ሁሉ ሊገለብጥ ይችላል። በኮሪደር ሥራው የተሠራው የመንገድ ዳር ዲች ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው ጥያቄያችሁ ላይ አልተጻፈም። ነገ ጠዋት ሰርቬየር ይዛችሁ የአንዱን ማንሆል ክዳን አስነሱና የወለሉን ከፍታ ከቦታችሁ ዝቅተኛ ጥግ ጋር አስለኩ። የዲቹ ወለል ከእናንተ ቱቦ መውጫ ከፍ ብሎ ከተገኘ ውሃው ወደ እናንተ ነው የሚመለሰው። ያኔ ከምንም ነገር በፊት የመሬቱ ከፍታ ይስተካከላል፣ የዝንባሌው አቅጣጫም ይለወጣል። ልኬቱን ላኩልኝና ቁጥሮቹን እንደገና አይቼ እመልስላችኋለሁ።